ሰብል ያለ ዕድሜው እንዳያረጅ የነጋዴው ድርሻ

ከሮቤ እስከ ሲናና፣ ከአጋርፋ እስከ ጋሰራ ድረስ ያለው የባሌ ደጋ የስንዴ አገር መሆኑ በንግድ ሥራ ላይ ላለ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ በመሻገር ቁልቁል ወደ ሐረና ደን የሚወርደው መንገድ ደግሞ ሪራን አቋርጦ ደሎ መና ይደርሳል። በዚህ መንገድ ከታች የጫካ ቡናና ማር ይወጣል፤ ከላይም እህል፣ ጨው፣ ልብስና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ይወርዳል። ስለዚህ ሪራ በስፋቷ ትንሽ ብትሆንም የሁለት ገበያ መገናኛ ናት። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከእነዚሁ ገበያዎች ሸቀጥ አንዱን የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ገበሬው «ቱፎርዲ» እያለ የሚጠራው የአረም መድኃኒት ነው።

ይህ መድኃኒት በብዙ ሱቅ እንደ ሳሙናና እንደ ክብሪት ይሸጣል። ደንበኛው ይመጣል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ከትልቁ ጀሪካን ተቀንሶ በውሃ ፕላስቲክ ይሰጠዋል፤ ከፍሎም ይሄዳል። በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ነገር በሰብል ላይ ምን እንደሚሠራ ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩበት ጊዜ እምብዛም አይገኝም። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ዕቃ ከሳሙናና ከክብሪት ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ አይገባውም። በመስከረም መድኃኒቱን ለገበሬው የሸጠው ነጋዴ፣ በታኅሣሥ ስንዴውን፣ ምስሩንና ባቄላውን ከዚያው ገበሬ የሚገዛው እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ በአንድ እጁ ያለ ጥንቃቄ የሰጠው ነገር በሌላው እጁ ጉድለት ሆኖ ይመለስለታል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የተክልን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ተክል እንደ እንስሳ ነርቭ የለውም፤ ነገር ግን አንዱ ክፍሉ ከሌላው ጋር የሚላላክባቸው ንጥረ ነገሮች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ኦክሲን ይባላል፤ ግንድ እንዲረዝም፣ ሥር እንዲወጣ፣ ቡቃያም ወደ ብርሃን እንዲያዘነብል የሚያዝ ነው። ሁለተኛው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ሲሆን ፍሬ እንዲበስል፣ ቅጠልና አበባም እንዲረግፍ ያዛል። ሦስተኛው አብሲሲክ አሲድ ነው፤ ይህም ድርቅ ወይም ሌላ መከራ በመጣ ጊዜ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየዘጋ ውሃ እንዳይባክን የሚጠብቅ ነው። ጤነኛ ተክል እነዚህን ሁሉ በልክና በጊዜ ይሠራቸዋል፤ ሥራቸውን ከፈጸሙም በኋላ ያፈርሳቸዋል።

ቱፎርዲ የኦክሲን አምሳያ ሆኖ በሰው እጅ የተሠራ ነው። ለነጋዴ በሚስማማ ምሳሌ ለመናገር፣ የባለቤቱን ማኅተም አስመስሎ የተቀረጸ ሐሰተኛ ማኅተም ነው። የአንድ ንግድ ቤት ገንዘብ ያዥ በዚህ ማኅተም የታተመ «መጋዘኑን ክፈት፤ ገንዘቡን አውጣ» የሚል ትእዛዝ በየሰዓቱ ቢደርሰውና ትእዛዙን የሚሽርለት ባይገኝ፣ ያ ቤት በጥቂት ቀን ውስጥ ካፒታሉን ጨርሶ ይዘጋል። ሰፋፊ ቅጠል ባላቸው አረሞች ላይ የሚደርሰውም እንደዚሁ ነው። ተክሉ የራሱን ኦክሲን ማፍረስ ይችላል፤ ይህን አምሳያውን ግን በቶሎ ሊያፈርሰው አይቻለውም።

ከዚህም የተነሣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተክሉ ከልክ ያለፈ ኤቲሊን ማመንጨት ይጀምራል። ቅጠሉ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ግንዱም ይጠማዘዛል። ቀጥሎ አብሲሲክ አሲድ ይበዛል፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎችም ድርቅ ሳይኖር እንደ ድርቅ ጊዜ ይዘጋሉ። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ተክሉ ምግቡን የሚሠራበትን አየር ማስገባት ያቅተዋል። የፀሐይ ብርሃን ግን መምጣቱን አያቋርጥም፤ ሥራ ያጣውም ኀይል በቅጠሉ ውስጥ እንደ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ያሉ አጥፊ ነገሮችን ይፈጥራል። በመጨረሻም አረንጓዴው ቀለም ይጠፋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥም ተክሉ ይሞታል። እንግዲህ ቱፎርዲ አረሙን እንደ እሳት አያቃጥለውም፤ መከራ ሳይኖር መከራ እንዳለ አስመስሎ ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። ይህን የተረዳ ሻጭ የቀረውን ምክር በቀላሉ ያገኘዋል።

የመድኃኒቱ ታሪክም ረጅም አይደለም። አሠራሩ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1941 ነበር። አረም የማጥፋት ችሎታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተመራማሪዎች ተገልጦ፣ ከ1945 ጀምሮ ወደ ገበያ ወጣ። በኋላም በቬትናም ጦርነት ላይ ደን ለማራገፍ ከተረጨው ድብልቅ ግማሹ ይኸው መድኃኒት ነበር። በዚያ ድብልቅ ውስጥ ብዙ ጥፋት ያደረሰው ዳዮክሲን የሚባለው መርዝ የመጣው ከሁለተኛው ግማሽ እንደ ነበረ ታውቋል። ቢሆንም በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቱፎርዲን ለካንሰር መንሥኤ ሊሆኑ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች ወገን መድቦታል። ስለዚህ የሚሸጠውም የሚረጨውም ሰው እጁንና ፊቱን ሊጠብቅ ይገባዋል።

ስንዴና ገብስ ከዚህ መድኃኒት የሚተርፉት ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ስንዴ መድኃኒቱን በቶሎ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል፤ በአካሉም ውስጥ ብዙ እንዲዘዋወር አይፈቅድለትም። ነገር ግን ስንዴ መድኃኒቱን የሚችለው በጊዜው ሲረጭ ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ትክክለኛው ጊዜ ስንዴው ከሥሩ ተጨማሪ ቡቃያ ማብዛት ከጀመረ በኋላ፣ አንጓ ማውጣት ሳይጀምር ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በለጋነቱ ቢረጭ ቅጠሉ እንደ ሽንኩርት ቅጠል ይጠቀለላል፤ ዛላውም ተጣሞ ይወጣል። ዘግይቶ ስንዴው ካረገዘ በኋላ ቢረጭ ደግሞ በሆዱ ያለው ዛላ ይጎዳና ፍሬ ያልያዘ ባዶ ቤት ይበዛበታል። ገበሬው ከሩቅ ሲያየው ማሳው ያማረ ይመስለዋል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ኮምባይነሩ ገብቶ ኩንታል ሲቈጠር ነው። በዚያን ጊዜም ጥፋቱ በዝናቡ ወይም በዘሩ ላይ ይላከካል እንጂ ስለ መድኃኒቱ የሚያስታውስ አይገኝም።

በባሌ ደጋ ገበሬው «ገና» እና «ቦና» ብሎ በሚጠራቸው በሁለት የዝናብ ወራት ስለሚያርስ፣ የአረም መድኃኒት ገበያም በዓመት ሁለት ጊዜ ይደራል። ይህ ለነጋዴው መልካም ነው፤ ስሕተቱም በዓመት ሁለት ጊዜ ሊደርስ እንደሚችል ግን መታሰብ አለበት።

ከስንዴው ይልቅ የሚያሳስበን የጎረቤቱ ማሳ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ተልባና ኑግ ሁሉም ሰፊ ቅጠል ካላቸው ወገን ናቸው፤ ቱፎርዲም በአረምና በምስር መካከል ልዩነት አያደርግም። በነፋሻ ሰዓት ከስንዴ ማሳ የተረጨ ጠብታ ድንበር አልፎ ባቄላ ላይ ቢያርፍ፣ ከልኩ እጅግ ያነሰ እንኳ ቢሆን ቅጠሉን ለማጣመምና አበባውን ለማርገፍ ይበቃል። ከመድኃኒቱም ዓይነት ኤስተር የተባለው ከተረጨ በኋላ ወደ ተን እየተለወጠ የሚሄድ ሲሆን፣ አሚን የተባለው ጨው ግን በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ይህን ልዩነት አስመጪዎቻችን ከማንም አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነው።

ሌላው መንገድ የመርጫ መሣሪያ ነው። ትናንት ቱፎርዲ የተረጨበት መርጫ በደንብ ሳይታጠብ ዛሬ ለባቄላ የዋግ መድኃኒት ቢሞላበት፣ በቱቦው ውስጥ የቀረው ጥቂት ነገር ማሳውን ያጣምመዋል። ገበሬውም ቅጠሉ ተጣሞ ሲያይ በሽታ የገባ መስሎት ተመልሶ ወደ ሱቁ ይመጣል፤ ለማይረዳውም መድኃኒት ሁለተኛ ገንዘብ ይከፍላል። በ2010 ቢጫ ዋግ፣ በ2013ም የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ስንዴ ላይ ያደረሱት ጥፋት ገና ከገበሬው ልብ ስላልወጣ፣ ቅጠሉ በተለወጠ ቍጥር የዋግ መድኃኒት ፍለጋ መሮጡ አያስደንቅም። ሻጩ ግን ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት «ባለፈው ሳምንት በመርጫህ ምን ረጨህበት?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ደንበኛውን ከኪሣራ ያድነዋል፤ ለራሱም ታማኝ ስም ያተርፋል። ለብዙ ዓመት የሚመለስ ደንበኛ በአንድ ቀን ከሚገኝ ትርፍ እንደሚበልጥ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ወደ ሪራ እንመለስ። በሐረና ደን በየዛፉ ላይ ቀፎ ይሰቀላል፤ ከዚያ የሚገኘውም ማር በጎባና በሮቤ ገበያ የተወደደ ነው። ንብ ከደኑ አበባ ሌላ በየማሳው ዳርና በየእርሻው ውስጥ ከሚፈኩት አበቦችም ትቀስማለች፤ በደጋው አገር መጭ የሚባለው ቢጫ አበባ ለንብ ትልቅ ምግብ መሆኑን ንብ አርቢ ሁሉ ያውቀዋል። መጭ ለስንዴ አራሹ አረም ነው፤ ለንብ ባለቤቱ ግን ሀብት ነው። ቱፎርዲ በአበባ ወራት በአንድ ጊዜ በሰፊ ቦታ ላይ ከተረጨ ንቧ መቅሰሚያ ታጣለች። ሪራ የምትገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ፣ የዚህ አገር ማርና ቡና ከፊት ይልቅ በውጭ ገበያ ስም ሊያገኝ ይችላል። ስም የሚገኘው በብዙ ዓመት ድካም ነው፤ የሚጠፋው ግን በአንድ ወቅት ግዴለሽነት ነው። ስለዚህ የአረም መድኃኒት ወደ ደኑ ዳር ሲወርድ ሻጩ ስለ ማሳው ብቻ ሳይሆን ስለ ቀፎውም ሊያስብ ይገባዋል።

ይህ የእርጅና ነገር በማሳ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በመጋዘንም ይገኛል። ቱፎርዲ አረሙን ሲያስረጀው የሚያመነጨው ኤቲሊን፣ ሙዝን የሚያበስለው ያው ጋዝ ነው። በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ የሩስያ ተመራማሪ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በቤተ ሙከራው ያበቀለው አተር እያጠረና እየተጣመመ ሲያስቸግረው ምክንያቱን ቢመረምር፣ ከመብራት ጋዝ የሚወጣው ኤቲሊን ሆኖ አገኘው። በ1934 ደግሞ የሚበስል ፍሬ ራሱ ይህን ጋዝ እንደሚሠራ በእንግሊዝ አገር ተረጋገጠ። በአገራችን ከአርባ ምንጭ የሚመጣውን ጥሬ ሙዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ የማብሰል ልማድ የቆየ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በደንብ ሳይቃጠል ከሚወጣው ጭስ ጋር ያለው ይኸው ኤቲሊን ነው። እንግዲህ ሙዝ አብሳዩና የአረም መድኃኒት ሻጩ ሳይተዋወቁ በአንድ ትእዛዝ ይነግዳሉ።

ከዚህ ለባለሱቆችና ለጫኞች የሚጠቅም ትምህርት ይወጣል። የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም ከጥቅል ጎመንና ከሰላጣ ጋር በአንድ ሸራ ሥር ሲጫኑ፣ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ ቅጠሉን በመንገድ ላይ ያስረጀዋል፤ ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ይደርሳል፤ ካሮትም ይመራል። አበባ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ጋዝ ከሁሉ አብልጠው ይፈሩታል፤ ጥቂቱ እንኳ የአበባውን ቅጠል ያረግፈዋልና። ስለዚህ ፍሬን ከቅጠላ ቅጠል መለየት፣ መጋዘንንም ማናፈስ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። የአረም መድኃኒትም ከዘር፣ ከማዳበሪያና ከምግብ እህል ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ አይገባውም፤ የሚተንነው ዓይነት ዘሩን ሊበክለው ይችላልና።

አንዳንድ ሰዎች «እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ለምን ፈጽሞ አይከለከልም?» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የአረም ወራት ሲደርስ በቂ ሠራተኛ አይገኝም፤ የእጅ አረም ዋጋም ለብዙ ገበሬ የሚቻል አይደለም። መድኃኒቱ ቢታጣ የሚጎዳው ስንዴው ነው፤ ከስንዴውም ጋር ወፍጮ ቤቱ፣ ጫኙና ነጋዴው ይጎዳሉ። ጥያቄያችን መድኃኒቱ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚል ሳይሆን፣ እንዴት ይሸጥ የሚል ነው።

ሌሎች ደግሞ «እኛ ነጋዴዎች እንጂ የእርሻ ባለሙያዎች አይደለንም» ይላሉ። ይህ ቃል በከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ባለሙያው ለእያንዳንዱ ገበሬ በየማሳው ሊደርስለት አይችልም፤ ባለሱቁን ግን ገበሬው ራሱ እየመጣ ያገኘዋል። ከመርጨቱ በፊት ገበሬው የሚሰማው የመጨረሻ ቃል ብዙውን ጊዜ የባለሱቁ ቃል ነው። የእርሻ ምርመራ እውቀትም ሩቅ አይደለም፤ የሲናና ግብርና ምርምር ማእከልና የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ አካባቢ ይገኛሉ።

ደግሞም ቱፎርዲን ብቻ ሁልጊዜ መርጨት የራሱን ችግር ይወልዳል። መድኃኒቱ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ሲያስወግድ፣ ሙጃና ሲናርን የመሰሉ የሣር ዘር አረሞች ተቀናቃኝ አጥተው ማሳውን ይወርሱታል። ከዚያ በኋላ ለእነርሱ ሌላ መድኃኒት በሌላ የውጭ ምንዛሪ ማስመጣት ግድ ይሆናል። በስንዴ ላይ ስንዴ ከመዝራት ይልቅ ባቄላ፣ አተር ወይም ምስር እያፈራረቁ መዝራት አረሙንም ይቀንሳል፤ ላኪዎቻችንም ወደ ውጭ የሚልኩትን ጥራጥሬ ያገኛሉ። ይህ ምክር ለመድኃኒት ሻጩ ገበያውን የሚያሳንስ ቢመስልም፣ ያው ነጋዴ ጥራጥሬ ገዢ ስለ ሆነ በአንዱ ያጣውን በሌላው ያገኘዋል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2002 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674 የአረም መድኃኒትንም የሚመለከት ሲሆን፣ ያልተመዘገበ መድኃኒት ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ነገር ግን ሕግ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም። በዚያ ቦታ ያለው የነጋዴው ኅሊናና የነጋዴው ማኅበር ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን አሳቦች ለአባሎቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ አስመጪዎች መድኃኒቱን በአነስተኛ ዕቃ እንዲያስመጡ ወይም እንዲያሳሽጉ እንጠይቃለን። የተለመደው 720 ግራም በሊትር የያዘው አሚን መጠኑ በሄክታር 1 ሊትር ያህል ነው። ሩብ ሄክታር ብቻ ያለው ገበሬ የሚያስፈልገው 250 ሚሊ ሊትር ነው። በዚህ ልክ የታሸገ ዕቃ ቢገኝ ከጀሪካን መቀነስ ባላስፈለገ ነበር። ጽሑፉም በአማርኛና በኦሮምኛ ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ የስንዴውን ትክክለኛ የመርጫ ጊዜ በሥዕል ጭምር የሚያሳይ ቢሆን መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ ባለሱቆች መድኃኒቱን በውሃ ፕላስቲክና በአረቄ ጠርሙስ መሸጥን እንዲተዉ እንለምናለን። ስምና ልክ ያልተጻፈበት ጠርሙስ በቤት ውስጥ ለሕፃን ሞት ነው፤ በማሳም ላይ ለሰብል ጥፋት ነው። ብዙ ሰው በስኒ ይለካል፤ ስኒ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። በሄክታር 200 ሊትር ውሃ ለሚረጭ ሰው፣ 20 ሊትር በሚይዝ መርጫ የሚገባው 100 ሚሊ ሊትር ነው። ሻጩ ይህን ከነገረውና መለኪያ ከሰጠው ትልቅ ውለታ ሠራለት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ሻጭ ሁሉ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት አራት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃል፤ ስንዴው ምን ላይ ደርሷል? በአጠገቡ የማን ባቄላ ወይም ምስር አለ? መርጫው ከዚህ በፊት ለምን ውሏል? በአካባቢው ቀፎ አለ ወይ? መልሱን ከሰማ በኋላም ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ለጥቂት ሰዓታት ዝናብ በማያሰጋበት ቀን እንዲረጭ፣ መርጫውንም ደጋግሞ እንዲያጥብ ይምከረው። ከተቻለም ለአረም መድኃኒት የተለየ መርጫ እንዲይዝ ይንገረው።

አራተኛ፣ የንግድ ምክር ቤቶች በገናና በቦና የመርጨት ወራት ዋዜማ ለባለሱቆች የአንድ ቀን ትምህርት እንዲሰጥ ከምርምር ማእከሉና ከግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ቢስማሙ ወጪው ቀላል፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ትምህርቱን ለተከታተለ ሱቅ በበሩ ላይ የሚለጠፍ የምስክር ወረቀት ቢሰጠው፣ ገበሬው ታማኙን ሻጭ ከሌላው ለይቶ ያውቀዋል፤ ታማኝ ሻጭም ለጥንቃቄው ዋጋ ያገኛል።

ከእነዚህ አሳቦች አንዱም የማንንም ነጋዴ ካፒታል የሚያናጋ አይደለም። የሚጠይቁት ጥቂት ደቂቃ ንግግርና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው። የሚመጣው የመርጨት ወራት ከመድረሱ በፊት አስመጪዎችና ባለሱቆች በየምክር ቤታቸው ተሰብስበው ቢመክሩበት፣ በታኅሣሥ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ገበያ የሚወጣው ስንዴና ምስር፣ ከሐረናም በሪራ በኩል የሚያልፈው ማር ሙሉ ሚዛን ይዞ ይደርሳል የሚል እምነት አለን።